በአሶሳ መንደሮች ሁለት መዝገቦች
እንግዳን ስለ መርዳትና እርስ በርስ ስለ መጠያየቅ ለእርዳታና ለማቋቋሚያ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር

እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲቆይ ጨርቅ ይሆናል ይባላል። አባባሉ በቀልድ ቢነገርም፣ በውስጡ ያለው እውነት በእርዳታ ሥራ ላይ ለዋለ ሰው አዲስ አይደለም። በመከራ ቀን የመጣን ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የማይቀበል መንደር ጥቂት ነው። እህል ያለው እህል፣ ጎጆ ያለው ማደሪያ፣ ምንም የሌለው ውሃ ይሰጣል። ጥያቄው የሚነሣው በሦስተኛው ወር ነው። የእንግዳው ልጅ ሲታመም ማን ተሸክሞ ወደ ጤና ጣቢያ ያደርሰዋል? የባለአገሩ ማሳ በእንግዳው ከብት ሲበላ ማን ይዳኛል? የተላከው ስንዴ ሲጎድል ማን ይጠየቃል?

ይህ ንግግር ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚፈልገው በአሶሳና በአካባቢው ከሚኖሩ ተራ ዜጎች ልምድ ነው። ፍሬ ነገሩም ባጭሩ ሲገለጥ፣ ለማያውቁት ሰው የሚደረግ ደግነት ሥር የሚሰደው ረጂውም ተረጂውም በአንድ ደንብ ሲጠየቁ ነው የሚል ይሆናል።

አሶሳ ዛሬ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። ቀድሞ በወለጋ ክፍለ ሀገር ሥር ትተዳደር ነበር፤ በ1980 ዓ.ም. በተደረገው የአስተዳደር ለውጥ ራስዋን የቻለች አስተዳደር አካባቢ ሆነች። አገሩ ቀርከሃ የሚበዛበት፣ ማሽላና በቆሎ የሚበቅልበት፣ ወባ የማይታጣበት ሞቃት ምድር ነው። በአሶሳ ዙሪያ የሚኖረው የጥንት ባለአገር የበርታ ሕዝብ ሲሆን፣ ማኦና ኮሞ፣ ጉሙዝና ሺናሻም በክልሉ ውስጥ የየራሳቸው ቀዬ አላቸው።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረሀብ ያስከተለው እልቂት የሚዘነጋ አይደለም። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንም የተመሠረተው በዚያው በ1966 ዓ.ም. ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በአብዛኛው ከወሎ የተነሡ ቤተሰቦች በአሶሳ ዙሪያ እንዲሠፍሩ ተደረገ። ከዚያም የ1977 ዓ.ም. ታላቅ ረሀብ መጣ። መንግሥት ካቀደው ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ውስጥ፣ በዚያ ዓመትና በተከታዩ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጎጃም ተወሰደ። ዛሬ በዚሁ ክልል ውስጥ በሚገኘው በመተከል፣ በበለስ ሸለቆ ብቻ ከ80 ሺህ በላይ ሰው ሠፈረ።

የዚህ ሥራ ታሪክ ሲነገር ሁለቱም ገጽታው መነገር አለበት። በአንድ በኩል፣ ደመወዝተኛው ከገቢው እየተቀነሰ ለድርቅ መርጃ አዋጥቷል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ወደ መተከልና ወደ ጋምቤላ ዘምተው ለማያውቁት ሠፋሪ ጎጆ ሠርተዋል። በሌላ በኩል፣ ከሠፋሪው መካከል ወድዶ የሄደ እንዳለ ሁሉ፣ ተገድዶ የሄደና ከቤተሰቡ የተለየም ብዙ ነበር። በጉዞውና በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ሰው በበሽታና በድካም ሞተ፤ የሟቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ሲያከራክር ይኖራል። የፈረንሳዩ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ማኅበር በ1978 ዓ.ም. ተቃውሞውን በአደባባይ ስላሰማ ከአገር እንዲወጣ ተደርጓል። ገንዘቡን ያዋጣው ዜጋ መዋጮው በምን ላይ እንደዋለ የሚጠይቅበት መድረክ አልነበረውም፤ የተጫነውም ሰው «ለምን ወደዚህ አመጣችሁኝ?» ብሎ የሚከስበት ዳኛ አላገኘም። ደግነቱ ብዙ ነበር፤ ተጠያቂነቱ ግን ጎደለ።

አዲሶቹ መንደሮች በስም ሳይሆን በቁጥር ይጠሩ ነበር። ዛሬም በአሶሳ ዙሪያ አምባ 14፣ መገሌ 32 የሚባሉ ቀበሌዎች መኖራቸው የዚያ ዘመን ምልክት ነው። በመተከልም ፓዊ ውስጥ መንደሮች እስካሁን በቁጥር ይታወቃሉ። በአንድ ቁጥር ሥር የተሰበሰቡት ቤተሰቦች ከልዩ ልዩ ወረዳ የመጡ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን የሆኑ፣ ብዙዎቹም ከዚያ በፊት ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። ባለአገሩ ለእነርሱ እንግዳ እንደ ነበረ ሁሉ፣ እነርሱም ለእርስ በርሳቸው እንግዶች ነበሩ።

በእነዚህ መንደሮች ውስጥ ሁለት ዓይነት መዝገብ ነበር። አንደኛው የጣቢያው መዝገብ ነው። እርሻው በትራክተር የሚታረስ የጋራ ማሳ ስለ ነበረ፣ ገበሬው የሠራበት ቀን በነጥብ ይያዝለት ነበር። የራሽን ልኩ፣ የቤተሰቡ ብዛት፣ የተሰጠው ብርድ ልብስ ሁሉ በዚያ መዝገብ ይሰፍራል። መዝገቡን የሚይዘው ሠራተኛ ተጠሪነቱ ለበላዩ ነው፤ ሠፋሪው በመዝገቡ ውስጥ ይቆጠራል እንጂ መዝገቡን አይቆጥርም።

ሁለተኛው መዝገብ በጽሑፍም ይሁን በዳኛ ቃል የተያዘው የቅሬ መዝገብ ነው። ቅሬ የወሎ ገበሬ ማኅበር ነው፤ በሌላው አገር እድር ከሚባለው ጋራ ይመሳሰላል። ሰው ሲሞት መቃብር ይቆፍራል፣ ሬሳ ይሸከማል፣ ለለቀስተኛው እንጀራና ንፍሮ ያቀርባል። በሽተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ ሐኪም ያደርሳል። ቤቱ የተቃጠለበትን ይሠራለታል፤ አልጋ ላይ የዋለውን ገበሬ ማሳ ያርምለታል። ከዚህም በላይ ጠብን ያበርዳል፣ ሌባን ይመክራል፣ እንቢ ያለውን ይቀጣል። በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተቀላቅለው በሚኖሩበት ቀዬ ቅሬው የሁለቱም ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሠፋሪዎች ይህን ልማድ ይዘው መጡ። በአዲሱ ምድር የመጀመሪያው የጋራ ጉዳያቸው ሞት ሆነ። ወባና ተቅማጥ በበረቱባቸው ወራት፣ ዘመድ በሌለበት አገር የሞተን ሰው የሚቀብረው ማን ነው? ከጎኑ ባለው ጎጆ ውስጥ ያለው፣ ስሙን ገና በቅጡ ያልያዘው ሰው ነው። ዛሬ የማያውቁትን የቀበሩ ሰዎች ነገ እነርሱንም ማን እንደሚቀብራቸው አወቁ። በቁጥር ብቻ ይታወቅ የነበረው መንደር ወደ ማኅበርነት መለወጥ የጀመረው በዚህ ዓይነት ነበር። ቀብርን ለማስተባበር የቆመው ማኅበር፣ ውሎ አድሮ የሕመምተኛውን፣ የአራሷንና የአቅመ ደካማውን ጉዳይ መያዙ አይቀርም።

የቅሬን ሥራ ለሚያጠና የእርዳታ ሠራተኛ ከሁሉ የሚያስደንቀው ቅጣቱ ነው። ቀብር የቀረ ሰው ይጠየቃል፤ በቂ ምክንያት ከሌለው ይቀጣል። ተራው ደርሶ ቃሬዛ ያልተሸከመ ይቀጣል። ጥፋቱን ደጋግሞ ሽማግሌ ያልሰማ ሰው የመጨረሻው እርምጃ ይወሰድበታል፤ ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት አይጫርለትም፣ ለቅሶው አይደረስም። ይህ ቅጣት ከእስራት ይልቅ ይፈራል።

ለውጭ ተመልካች ይህ ጭካኔ መስሎ ሊታየው ይችላል። በውስጡ ለሚኖረው ሰው ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። እንግዳን ማንም አይቀጣውም፤ ይታዘንለታል፣ ይመገባል፣ ይታለፋል። ቅጣት የሚጣልበት ሰው አባል የሆነ ሰው ብቻ ነው። ሠፋሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀብር በመቅረቱ የተቀጣ ዕለት፣ በዚያው ዕለት ያገሩ ሰው መሆኑ ተመሰከረለት ማለት ይቻላል። ከእጁ የሚጠበቅ ነገር እንዳለ ተነገረው፤ የሚጠበቅበት ሰው ደግሞ የሚጠብቀውም አለው። ተረጂን እስከ መጨረሻው ተቀባይ ብቻ አድርጎ የሚይዝ አሠራር፣ ሳያስበው ክብሩን ይነሣዋል።

መጠየቅ ለተራው አባል ብቻ የተተወ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። የቅሬ ዳኛ የሚመረጠው በአባላቱ ነው፤ ሲያዳላም በእነርሱው ይወርዳል። ገንዘብ ባላቸው እድሮች ዘንድ፣ ገቢና ወጪው በአባላት ጉባኤ ፊት ይነበባል፤ ብዙዎቹም የሣጥኑን ቁልፍ ለአንድ ሰው ብቻ አይሰጡም። ማንበብ የማይችለው ገበሬ እንኳ ቁጥሩ ሲነበብ ያዳምጣል፤ ያለፈውን ዓመት መዋጮ በልቡ ይዞታልና ጉድለት ቢኖር እጁን ያነሣል። የሒሳብ መርማሪ ያልደረሰበት መንደር ሳይመረመር አይኖርም ማለት ነው።

ይህ ሁሉ መልካም ሲሆን፣ ሳይነገር የማይታለፍ አንድ ታላቅ ጉድለት አለ። ሠፋሪው ባረፈበት ምድር ላይ ባለቤት ነበረ። በአሶሳ የበርታው፣ በመተከል የጉሙዙ ገበሬ መሬቱን እያፈራረቀ የሚያርስ፣ ከጫካው ማርና ቀርከሃ የሚያገኝ፣ የሚያድንና ዓሣ የሚያጠምድ ስለ ነበረ፣ ለካርታ ነዳፊው ባዶ የመሰለው ምድር ለእርሱ ጾሙን ያደረ ማሳ ነበር። ሠፈራው ሲታቀድ ግን ከባለአገሩ ጋራ አልተመከረም። በበለስ ሸለቆ ደኑ ተመንጥሮ በትራክተር ሲታረስ፣ የጉሙዝ ቤተሰቦች ከቀድሞ ቦታቸው ወደ ዳር ተገፉ። የሠፋሪው ቅሬ ምን ቢጠነክር፣ ባለአገሩን ያላካተተ ደንብ ግማሽ ደንብ ሆኖ ቀረ።

ሆኖም ባለአገሩም የራሱ ሥርዓት ነበረው። በመተከል ሚቹ የሚባለው ወዳጅነት ከጥንት ጀምሮ የተለያዩ ሕዝቦችን ሰዎች ሲያስተሳስር ኖሯል፤ ሚቹ የሆኑ ሰዎች በክፉ ቀን አንዱ ሌላውን የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው። በጉሙዝ ዘንድ ደግሞ በሁለት ወገኖች መካከል ደም ሲፈስ የሁለቱም ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጥፋተኛውን የሚለዩበት፣ ካሣ የሚቆርጡበትና ቃል ኪዳን የሚያስገቡበት ማንጌማ የተባለ የእርቅ ሥርዓት አለ። በሺናሻ ዘንድም ኔሞ የተባለ ሸምጋይ ሥርዓት ይታወቃል። በእነዚህ ሁሉ ዘንድ የሚታየው ሐሳብ አንድ ነው። ከወገን ውጭ ላለ ሰው በጎ ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ በእርሱ ላይ በደል የፈጸመ የገዛ ወገንን አቅርቦ ማስጠየቅም ያስፈልጋል።

ይህ ሐሳብ ያልተሠራበት ጊዜ ምን እንደሚከተል የክልሉ የቅርብ ታሪክ በግልጽ ያሳያል። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ የሠፈራ ጣቢያዎቹ አስተዳደር ፈረሰ፣ የጣቢያው መዝገብም ተዘጋ። በሠፋሪና በባለአገር መካከል በየቦታው ግጭት ተነሣ፤ ብዙ ሠፋሪዎችም ወደ ትውልድ አገራቸው ተመለሱ። ከዚያም ወዲህ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን በሰላማዊ ሰዎች ላይ ዘግናኝ ግድያ ተፈጸመ፤ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ። በዚያ ጊዜ ጎረቤት ለጎረቤት መጠጊያ መሆኑ ባይቀርም፣ የየወገኑ ማኅበር የገዛ ወገኑን ብቻ ሲጠብቅ ማኅበሩ ራሱ ወደ ጎራነት እንደሚለወጥ ታይቷል። ስለሆነም የአንድ ቅሬ ወይም የአንድ ሽማግሌ ጉባኤ ታላቅነት የሚለካው አባላቱን በመርዳቱ ብቻ ሳይሆን፣ አባል ያልሆነው ሰው ሲበደል አባሉን በመጠየቁ ነው።

ከውጭ የመጣውን ስደተኛ በሚመለከት አሶሳ ሌላም ትምህርት ትሰጣለች። የበርታ ሕዝብ በኢትዮጵያና በሱዳን ድንበር በሁለቱም በኩል ይኖራል፤ ኩርሙክ የሚባለው ስም እንኳ በሁለቱም ወገን አለ። የሸርቆሌ መጠለያ በ1989 ዓ.ም. ተከፈተ። በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ በሱዳን የብሉ ናይል ግዛት ውጊያ ሲነሣ የቶንጎና የባምባሲ መጠለያዎች ተከተሉ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት በፈነዳ ጊዜም ኩርሙክ እንደገና የስደተኛ በር ሆነች፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኡራ የተባለው አዲስ መጠለያ ተጨመረ። ድንበሩን በእግሩ ያቋረጠ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው ቋንቋውን የሚናገር ገበሬ ነው እንጂ መዝጋቢውን ሠራተኛ አይደለም።

የሱዳን ሰዎችም የራሳቸውን ልማድ ይዘው ይመጣሉ። ነፊር በሚባለው ሥርዓታቸው መንደሩ ተጠራርቶ ያንዱን ቤት ይሠራል፣ ማሳውን ያጭዳል፤ ከደቦና ከወንፈል የሚለየው በስሙ ብቻ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ በሱዳን ከተሞች ወጣቶች ያቋቋሟቸው የአስቸኳይ ምላሽ ክፍሎች፣ የጋራ ወጥ ቤት እየከፈቱ ለማያውቁት ተፈናቃይ ምግብ ማብላታቸው ከዚሁ ልማድ የመነጨ ነው። በኢትዮጵያም በኩል አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ እንዲሠራ መብት ሰጥቶታል። መብቱ በወረቀት ብቻ እንዳይቀር፣ ስደተኛው በባለአገሩ ደቦና እድር ውስጥ እንዲገባ፣ እንዲያዋጣና እንዲጠየቅ መንገዱ ሊከፈት ይገባል።

በመጨረሻም የረጂው ወገን ጉዳይ ይነሣል። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ልማት ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለችግረኛ የታሰበ እህል በሰፊው ወደ ሌላ መተላለፉን ገልጠው በመላው ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታቸውን አቋረጡ። የተቋረጠው የስደተኞች ቀለብ ጭምር ነበር። እርዳታው በ2016 ዓ.ም. በአዲስ ቁጥጥር ደረጃ በደረጃ እስኪቀጥል ድረስ፣ የጥቂቶችን ጥፋት ረሀብተኛው ከፈለ። እህሉን ያጎደለው ጠግቦ አደረ፤ ስሙ በመዝገብ የነበረው ግን ጦሙን አደረ። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ የአሜሪካው ድርጅት ራሱ ሥራውን አቆመ። ከባሕር ማዶ የሚመጣው እህል በሚቀንስበት ዘመን፣ ያለውን ሳያባክኑ ማዳረስ ከቀድሞው ይልቅ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሆኗል።

ከዚህ ሁሉ ለሥራ የሚጠቅሙ አራት ነጥቦች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ የተረጂዎች ዝርዝር በቢሮ ተዘጋጅቶ በቢሮ ሊቆለፍ አይገባውም። በመንደሩ አደባባይ፣ ነዋሪው በሚሰማው ቋንቋ፣ በበርታም ሆነ በጉሙዝ፣ በአማርኛም ሆነ በዓረብኛ ይነበብ። የሞተው ሰው ስም ሲጠራ የቀበሩት ሰዎች እዚያው ተቀምጠዋል፤ ከእነርሱ የተሻለ መርማሪ አይገኝም። እንዲህ ሲደረግ አቤቱታ ያቀረበ ሰው እንዳይጠቃ ጥበቃ ሊደረግለት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ለተፈናቃይ ወይም ለስደተኛ የሚደርሰው እርዳታ በዙሪያው ያለውን ችግረኛ ባለአገር አይዝለለው። ሳይመከርበት መሬቱን ያጣ፣ አጠገቡ እህል ሲራገፍ እያየ የራበው ሰው፣ ለእንግዳው የሚኖረው ፊት እንዲበራ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ሦስተኛ፣ ቅሬና እድር የመንግሥት ቢሮ ቅርንጫፍ አይደረጉ። ቀድሞ ወንጀለኛ በጠፋ ጊዜ ሕዝቡ ተሰብስቦ የሚጠያየቅበት አውጫጭኝ፣ በባለሥልጣን እጅ ሲወድቅ ንጹሕን ሰው ማስጨነቂያ የሆነበት ጊዜ ነበር። ማኅበሩ ኃይሉን የሚያገኘው አባላቱ ስለመረጡት ነው። ደካማ ጎኑንም ማወቅ ይገባል፤ በብዙ ቦታ ሴቶች የሚወከሉት በባሎቻቸው በኩል በመሆኑ፣ ባሏ የሞተባትና ብቻዋን የተሰደደች ሴት ሳትታይ ልትቀር ትችላለች። እርሷን መፈለግ የእርዳታ ሠራተኛው ግዴታ ነው።

አራተኛ፣ ገበሬው ለዳኛው እንደሚያደርገው ሁሉ፣ የእርዳታ ሠራተኛውም በተረጂው ፊት ይጠየቅ። ምን ያህል እህል እንደመጣ፣ ምን ያህል እንደታደለ፣ የጎደለው ለምን እንደጎደለ በዚያው አደባባይ ይናገር። ለበላይ አለቃ የሚላክ ሪፖርት አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን እህሉን የሚበላው አለቃው አይደለም።

የተከበራችሁ የስብሰባው ተካፋዮች፤

በአሶሳ ዙሪያ ከጣቢያው መዝገብ ጋራ የተጀመሩት መንደሮች፣ ጣቢያው ከተዘጋ ዓመታት ካለፉ በኋላም ሰው ይኖርባቸዋል። ነጥብ የተቆጠረበት መዝገብ ዛሬ ለማንም አያገለግልም። ማን ቃሬዛ እንደተሸከመ፣ ማን ቀብር እንደቀረ፣ ማን ለማን እንደሚደርስ የሚያውቀው መዝገብ ግን አልተዘጋም። እንግዳ ወርቅም ብርም ጨርቅም ሳይሆን ጎረቤት የሚሆነው ስሙ በዚህ በሁለተኛው መዝገብ ሲሰፍር ነው። የእርዳታ ሠራተኛውም ስም ከዚያው መዝገብ ላይ ቢሰፍር፣ ሲያጠፋ የሚጠየቅ፣ ሲደክም የሚታገዝ የመንደሩ ሰው ይሆናል።